ወርቅ ላበደረ ጠጠር?

የዛሬው ጉዳያችን አልማዝ ነው። አልማዝ ስላችሁ ታዲያ ጎረቤታችሁ ያለችውን አልማዝ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ድንጋዩ ነው የማወጋችሁ። በዚህ ስም የምትጠሩ እህቶቼ ወደ ታች «አልማዝ ለመሸጥ ያስቸግራል» የሚል ነገር ስታነቡ በእናንተ አይደለምና እንዳትቀየሙኝ።

ጉዳዩን ያነሣሁት እንዲሁ አምሮኝ አይደለም። አንዲት እህት ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፋልኛለች። ማንነቷን የሚያስታውቀውን አውጥቼ ፍሬ ነገሩን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ።

«ዱባይ 7 ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ለቤተሰብ ከምልከው በተረፈችኝ ወርቅ እየገዛሁ አስቀምጥ ነበር። 4 አምባር ነበረኝ፤ ባለ 21 ካራት፣ በድምሩ 40 ግራም። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ አገሬ ልገባ ስል አንዲት ጓደኛዬ ‹ወርቅ አጥልቀሽ ብትገቢ ዓይን ይበዛብሻል። አልማዝ ትንሽ ናት፣ ከወርቅም ትበልጣለች› አለችኝ። የሱቁ ሰውዬም ይህንኑ ደገመልኝ። አምባሮቼን ሰጥቼ አንድ የአልማዝ ቀለበት ወሰድኩ። አሁን እንጀራ ጋግሬ የማከፋፍልበት ቤት አግኝቻለሁ፤ የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ ክፈይ ተብያለሁ። ቀለበቱን ልሸጥ 3 ወርቅ ቤት ገባሁ። ሦስቱም መዘኑና የወርቁን ብቻ ነገሩኝ። ‹ድንጋዩስ?› ስል አንደኛው ‹እሱን ነቅለሽ ውሰጂው› አለኝ። ወንድሜ ‹ጠርሙስ ነው የሸጡልሽ› ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ስታለቅስ አደረች። ሰባት ዓመቴን ጣቴ ላይ አድርጌ ነው የምዞረው። እውነት ጠርሙስ ነው? ካልሆነስ ለምን የሚገዛኝ አጣሁ? ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?»

ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ቶሎ የመጣልኝ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው የቆየ ተረታችን ነው። ነገር ግን ተረት ቶሎ ይፈርዳል። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ዕድሜያቸውን በወርቅ ሥራ የፈጁ አንድ አዛውንት ጋ ሄጄ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ለወርቅ ሚዛን ይበቃል። ለአልማዝ ግን ዓይን ያስፈልጋል። ዓይኑ የሌለው ሰው ዋጋ ቢነግርህ ነው የምትጠረጥረው» አሉኝ። የዛሬው ነገር ሁሉ ከዚህች ንግግር ውስጥ አለ። ጥያቄዎቹን በተራ እንያቸው።

እውነት ጠርሙስ ነው?

እህቴ፣ በደብዳቤሽ ላይ ከቀለበቱ ጋር የተሰጠሽን ወረቀት ገልብጠሽልኛል። ‹ተፈጥሯዊ አልማዝ፣ 0.70 ካራት፣ ቀለም ጂ፣ ጥራት ቪ ኤስ 2፣ አቆራረጥ እጅግ በጣም ጥሩ› ይላል። ወረቀቱን የሰጠው ጂ አይ ኤ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ አልማዝ የሚለካበትን ደረጃ ያወጣው ይኸው ተቋም ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ሲገባ ያንኑ መግለጫ መልሶ ያሳያል። ይህንን ዛሬውኑ በስልክሽ ማድረግ ትችያለሽ። ከዚያ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ያው ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ተጽፎ ይገኛል። በዓይን አይታይም፤ በሚያጎላ መሣሪያ ይታያል። ሁለቱ ቁጥሮች ከገጠሙ ጠርሙስ አይደለም፤ የወንድምሽም ሳቅ እዚያው ላይ ይቆማል።

አደራ የምልሽ፣ ‹አልማዝ ከሆነ አይሰበርም› ብሎ በመዶሻ ሊፈትንልሽ የሚነሣ ሰው ካለ ቀለበትሽን ይዘሽ ውጪ። ጠንካራ ማለት የማይጫር ማለት ነው፤ የማይሰበር ማለት አይደለም። ብረት የማይጭረው ድንጋይ በመዶሻ ሊፈነከት ይችላል። ደግሞም በየሱቁ ያለችው ድንጋዩን ነክታ ድምፅ የምታሰማው መፈተኛ የምትለካው ሙቀት ማስተላለፉን ነው። ሞይሳናይት የሚባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሙቀት በማስተላለፍ ከአልማዝ ስለሚቀራረብ እንዲህ ያለችውን መፈተኛ ያታልላታል። ስለዚህ መፈተኛዋ ብቻዋን አትበቃም።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?

በመጀመሪያ አንድ የቃል ችግር እንፍታ። ካራት የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይሠራል፣ ሰውን ያሳሳታልም። ለወርቅ ሲሆን ንጽሕና ነው። ባለ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ባለ 18 ካራት ከ100 እጅ 75ቱ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ነው። ለድንጋይ ሲሆን ግን ክብደት ነው። አንድ ካራት እ.ኤ.አ. በ1907 በዓለም አቀፍ ስምምነት 0.2 ግራም ሆኖ ተወስኗል። እንግዲህ እህታችን ጣት ላይ ያለው 0.70 ካራት ድንጋይ ክብደቱ 0.14 ግራም ነው። ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ከምንም የማይቆጠር! የቀለበቱ ወርቅ ደግሞ ባለ 18 ካራት ሆኖ 4 ግራም ነው ብላለች፤ ንጹሕ ወርቁ 3 ግራም ማለት ነው። የሰጠችው 40 ግራም አምባር ውስጥ ግን 35 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነበር። 35 ሰጥታ 3 ተቀበለች፤ የ32ቱ ግራም ዋጋ በሙሉ የገባው 0.14 ግራም በምትመዝን ድንጋይና ድንጋይዋን በሠሯት እጆች ውስጥ ነው።

እነዚያ እጆች ምን ሠሩ? ይህ ቢነገር ለእህታችንም ለእናቷም ያጽናናል ብዬ አምናለሁ።

አልማዝ ከመሬት በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ላይ፣ በከባድ ሙቀትና ግፊት የጠነከረ ካርቦን ነው። ከሰልም አብዛኛው አካሉ ካርቦን ነው። የብዙዎቹ አልማዞች ዕድሜ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። እሳተ ገሞራ ወደ ላይ አምጥቷቸው ሲገኙ ግን አያምሩም፤ የደበዘዘ የጠርሙስ ስባሪ ወይም የአሞሌ ጨው ፍንካች ነው የሚመስሉት። መንገድ ላይ ብታገኙት በእግራችሁ ገፍታችሁት ታልፉ ነበር። ብልጭታውን ያመጣው የሰው እጅ ነው።

ሠራተኛው መጀመሪያ ድንጋዩን አያይም አይባልም፤ ቀናት፣ ትልቅ ከሆነ ወራት ያየዋል። እንጨት በመስመሩ እንደሚፈለጥ ሁሉ አልማዝም የሚሰነጠቅበት የራሱ መስመር አለው። መስመሩን የሳተ ሠራተኛ የሰው ሀብት አጥፍቶ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1905 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘውን ከሊናን የተባለውን አልማዝ አስቡ። 3,106 ካራት ነበር፤ ከ600 ግራም በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አምስተርዳም ለሚገኙት ለአሸር ቤተሰብ ሠራተኞች ተሰጠና 9 ትልልቅ፣ 96 ትናንሽ ድንጋዮች ወጣው። የተወለወሉት ሁሉ ተደምረው ግን የመጀመሪያው ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበሩ። የቀረው በሥራ ላይ አለቀ። በተራው ክብ አልማዝም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከግማሽ የማያንሰው ክብደት አቧራ ሆኖ ነው የሚቀረው።

አቧራውም አይጣልም። አልማዝን የሚሞርደው አልማዝ ብቻ ስለሆነ ዱቄቱ በዘይት ተለውሶ የሚሽከረከር የብረት ሰሌዳ ላይ ይቀባል፤ ድንጋዩም እዚያ ላይ ገጽ በገጽ ይሞረዳል። የተለመደው ክብ አቆራረጥ 57 ገጽ አለው፤ ከሥሩ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ሲጨመርበት 58 ይሆናል። እያንዳንዱ ገጽ ከጎረቤቱ ጋር በልክ መግጠም አለበት። አንግሉ ሲስተካከል ከላይ የገባው ብርሃን ውስጥ ለውስጥ ተጋጭቶ በዓይናችሁ ይመለሳል። ሥሩ ከጠለቀ ወይም ከሳሳ ብርሃኑ በታች ሾልኮ ይቀራል፤ ድንጋዩም ይሞታል። ይህንን ልክ እ.ኤ.አ. በ1919 በሒሳብ አስልቶ ያሳተመው ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ፣ ከአንትወርፕ የአልማዝ ሠራተኞች ቤተሰብ የተወለደ መሐንዲስ ነው። ዛሬ ከዓለም አልማዝ በቁጥር ከ10ሩ 9ኙ ያህል የሚወለወለው ሕንድ አገር፣ በተለይ ሱራት ከተማ ነው።

ከዚያ በኋላ ተራው የወርቅ ሠሪው ነው። ድንጋዩን የያዙትን ትንንሽ የወርቅ ጥፍሮች አይታችኋል? እያንዳንዱ ጥፍር ውስጥ ለድንጋዩ ወገብ ልክ የሚሆን ቦታ ይቆረጥለታል፤ ድንጋዩ ይቀመጥና ጥፍሮቹ በዝግታ ይታጠፉበታል። ከላላ ይወድቃል፤ ከተጫነው ጠርዙ ይሸረፋል። ሽማግሌው ወዳጄ «ወርቅ ቢበላሽብኝ አቀልጠዋለሁ። አልማዝ ቢሸረፍብኝ ወዴት አባቴ እሄዳለሁ?» ብለውኛል።

ስለዚህ እህቴ፣ ለእናትሽ እንዲህ በያቸው፦ ልጅሽ የገዛችው ጠጠር አይደለም። የብዙ ሰው ጥበብ ነው።

ካልሆነስ ለምን የሚገዛ ጠፋ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ወርቅ ነው። የእናንተ አምባርና የሌላዋ አምባር አንድ ላይ ቢቀልጡ ልዩነት የላቸውም። ዋጋው በየቀኑ በግራም ይታወቃል። ስለዚህ ወርቅ ቤቱ መዝኖ፣ የእጅ ዋጋውን ትቶ፣ ትርፉን አስቦ ወዲያው ይከፍላችኋል። አልማዝ ግን አይቀልጥም፣ ተደባልቆም አይመዘንም። ሁለት 0.70 ካራት ድንጋዮች በቀለም፣ በጥራትና በአቆራረጥ ስለሚለያዩ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ሻጭና ገዢ ሁለቱም ዓይን ያስፈልጋቸዋል። ከዚህም በላይ ስትገዙ የማዕድን ቆፋሪውን፣ የነጋዴውን፣ የሞራጁን፣ የላቦራቶሪውን፣ የወርቅ ሠሪውንና የሱቁን ትርፍ ሁሉ ከፍላችኋል። ስትሸጡ ግን ያንን የሚመልስላችሁ የለም። ነጋዴውም ተመሳሳዩን ድንጋይ ከአከፋፋይ በጅምላ ዋጋ ማግኘት ሲችል ለምን በሱቅ ዋጋ ይግዛችሁ?

‹አልማዝ ሀብት ነው› የሚለው እምነት ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1888 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቋቋመው ደ ቢርስ የተባለው ኩባንያ የዓለምን የአልማዝ ገበያ ለረጅም ዘመን በእጁ ይዞ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ አልማዝን ከዘላለም ጋር ያዛመደው ዝነኛ ማስታወቂያ ተጻፈ። የአልማዝ ቀለበት የሌለው ጋብቻ ጎዶሎ ነው የሚለው ስሜት አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው፣ ከዚያም ወደሌላው ዓለም የተዛመተው በእንዲህ ያለው ቅስቀሳ ነው። ዘላለም የሚኖር ነገር ደግሞ አይሸጥም፤ ለልጅ ነው የሚተላለፈው። ‹ግዙ› እንጂ ‹ስትሸጡ ይህን ያህል ታገኛላችሁ› ያለ ማስታወቂያ አላየሁም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ አልማዝ ሠሩ። በዘመናችን ይህ ሥራ ረቅቆ፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማጉያ የማይለይ፣ ራሱ አልማዝ የሆነ ድንጋይ በርካሽ ይሸጣል። ይህም በተፈጥሮው አልማዝ ገበያ ላይ ጫና አሳድሯል። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2025 ባሉት ዓመታት የተፈጥሮ አልማዝ ዋጋ ሲወርድ ወርቅ ግን እጅግ ተወደደ። እህታችን አምባሯን የለወጠችው ልክ በዚህ መጀመሪያ ላይ ነው። ሱቁ ስለ ድንጋዩ አልዋሻትም፤ ወረቀቱ ምስክር ነው። ‹ከወርቅ ይበልጣል› ያላት ግን ማጌጫና ጥሪት እንደ አንድ እንድታያቸው አደረጋት። ጉዳቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?

እህቴ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ሽጪው፤ ግን በጥድፊያ አይሁን። ቀለበት እንጀራ አይጋግርም። አንቺ ለጌጥ ብለሽ አልገዛሽውም፤ ለክፉ ቀንና ለሥራ ነው ያስቀመጥሽው። ይኸው የሥራው ቀን ደርሷል።

አንደኛ፣ ድንጋዩን አታስነቅዪ፤ ለ3 ግራም ወርቅ ብለሽ ሥራውን አታፍርሺ። ሁለተኛ፣ ደረሰኙ ካለሽ ዱባይ ያለች የምታምኛት ሰው የገዛሽበት ሱቅ ሄዳ ‹መልሳችሁ ትገዛላችሁ? በወርቅስ ትለውጣላችሁ?› ብላ ትጠይቅልሽ። መልሱን በጽሑፍ ሳታገኚ ግን ቀለበቱን በማንም እጅ አትላኪ። ሦስተኛ፣ ከነጋዴ ይልቅ ለማጌጥ የሚፈልግ ሰው የተሻለ ይከፍልሻል። ሊያገባ የተዘጋጀ ዘመድ ወዳጅ ካለ በሱቅ ከሚገዛ ካንቺ ቢገዛ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ስትገናኙ ማጉያ ያለው ወርቅ ሠሪ ቤት ይሁን፣ ወረቀቱም ከእጅሽ አይለይ። ከከፈልሽው ግማሹን እንኳ ቢሰጥሽ አትደንግጪ፤ የዚህ ዕቃ ጠባዩ ነው።

አራተኛ፣ እስኪሸጥ ድረስ አከራይሽን ‹የ6ቱን ወር በ3 ያድርጉልኝ› ብለሽ ለምኛቸው፤ ዕቁብ ካለሽ ቀድሞ እንዲደርስሽ ጠይቂ። ቀለበቱን ለአራጣ አበዳሪ መያዣ ማድረግን ግን በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ እንዳታስቢው። ግማሽ ዋጋ ያጣሽበትን ዕቃ ሙሉ ለሙሉ የምታጪው ያኔ ነው።

ለእናንተ ልትገዙ ላሰባችሁ

አልማዝ አትግዙ አልልም። ለውበቱ፣ ለፍቅሩ፣ ለጥበቡ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አላጠፋም። ብቻ እነዚህን ያዙልኝ፦

— ጥሪት ከፈለጋችሁ ወርቅ፣ ያውም ብዙ የእጅ ዋጋ ያልተጨመረበት ይሁን። አልማዝ የሚገዛው ቢጠፋ በማያናጋችሁ ገንዘብ ነው።

— ወረቀት የሌለውን ትልቅ ድንጋይ አትግዙ። ቁጥሩን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፤ ‹ተፈጥሮ› ወይስ ‹ላቦራቶሪ› የሚለውንም አንብቡ። የላቦራቶሪውን በተፈጥሮው ዋጋ እንዳትገዙ።

— በካራት ብቻ አትማረኩ። በደንብ ያልተቆረጠ ትልቅ ድንጋይ በደንብ ከተቆረጠ ትንሽ ድንጋይ ያነሰ ያበራል። የሱቁ መብራት ሁሉን ያሳምራልና በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

— ከመክፈላችሁ በፊት ‹ነገ ብመልሰው ስንት ትሰጡኛላችሁ?› በሉ። ሻጩ ሳቅ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

— ቀለበቱን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በጣት መታ መታ አድርጉ። ከተንኳኳ ጥፍሩ ላልቷልና ሳይወድቅ አሠሩት።

— ሙሽሮች ሆይ፣ ለቀለበት ተበድራችሁ ትዳር አትጀምሩ። ዕዳ በጣት አይታይም እንጂ ከአልማዝ ይልቅ ይከብዳል።

እህታችን ቤቱን ከፍታ ምጣዱን ስትጥድ ትጽፍልኛለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱልኝ።